ሸተሩን ሳይጠይቁ ካሜራ አይግዙ

ባለፈው ጥር የወንድሜ ልጅ ሠርግ ነበር። ለሠርጉ ባለሙያ ፎቶ አንሺ ቢያዝም፣ ቤት ውስጥ የሚደረገውን የሽማግሌዎች ምርቃት የማንሳቱ አደራ የተሰጠው ለእኔ ነበር። ትልቁ አጎታችን ሙሽሮቹን ሲመርቁ የካሜራው ቀጭ ቀጭታ እንዳይረብሻቸው ብዬ ድምፅ አልባውን ሸተር መረጥኩ። እጃቸው ሲንቀሳቀስ እንዳይደበዝዝም ፍጥነቱን 1/500 ሰከንድ አደረግሁት። ማታ ፎቶዎቹን ኮምፒዩተር ላይ ስከፍታቸው ግን ሁሉም ላይ ከዳር እስከ ዳር ጠቆር ያሉ መስመሮች ተጋድመውባቸዋል። ካሜራው አልተበላሸም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ለመሆኑ ሸተር ምንድን ነው? ብርሃን ለምን ያህል ጊዜ ሴንሰሩ ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው የካሜራው ክፍል ነው። መስታወት አልባ (ሚረርለስ) በሚባሉት ካሜራዎች ላይ በአብዛኛው ሦስት ዓይነት አሠራር ይገኛል።

የመጀመሪያው ሜካኒካል ነው። ሁለት መጋረጃዎች አሉት፤ አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ተከትሎ ይዘጋል። መጋረጃዎቹ በጣም ፈጣን ስለሆኑ የሚንቀሳቀስ ነገር ቅርፁ እምብዛም አይዛባም። ፍላሽም አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1/200 ወይም 1/250 ሰከንድ ድረስ ያለችግር ይሠራል። ጉዳቱ ድምፅ ማሰማቱና በአገልግሎት ብዛት ማርጀቱ ነው።

ሁለተኛው ቅይጥ ነው። መክፈቱን ሴንሰሩ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይሠራዋል፣ መዝጋቱን መጋረጃው። ንዝረቱና ድምፁ ይቀንሳል። ሆኖም የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ከፍተው በከፍተኛ ፍጥነት ሲያነሱ፣ ከጀርባ የሚደበዝዙት የብርሃን ክቦች የተቆረጡ ሊመስሉ ይችላሉ። የካኖን አር8 እና የሶኒ ኤ7ሲ ሙሉ ሜካኒካል ሸተር ስለሌላቸው በዚህ አሠራር ይጠቀማሉ።

ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሮኒክ ነው። ድምፅ የለውም፣ የሚያረጅ መጋረጃም የለውም። ችግሩ ሴንሰሩ ምስሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን መስመር በመስመር ማንበቡ ነው። ስለዚህ በፍጥነት የሚያልፍ መኪና ዘመም ብሎ ይወጣል። በሰው ሠራሽ መብራት ሥር ደግሞ የእኔ ዓይነት መዘዝ ይከተላል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ ብዙ አምፖሎች፣ በተለይ ርካሾቹ ኤልኢዲዎች፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ዓይናችን አያየውም። ሴንሰሩ ግን አንዱን መስመር በደመቀበት፣ ሌላውን በፈዘዘበት ቅጽበት ያነበዋል። ፍጥነቱን 1/100 ወይም 1/50 ባደርገው ኖሮ መስመሮቹ በአብዛኛው ባልታዩ ነበር።

ችግሩ መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኒኮን ዜድ9 ንባቡ እጅግ ፈጣን ስለሆነ ሜካኒካል ሸተር ጨርሶ አልተገጠመለትም። በ2023 ይፋ የሆነው ሶኒ ኤ9 ሦስት ደግሞ መላውን ሴንሰር በአንድ ቅጽበት ያነባል። ግን ያለ ሌንስ ወደ 6,000 ዶላር ዋጋ ነበር የወጣለት፤ ዝቅተኛው አይኤስኦም እንደ ብዙዎቹ 100 ሳይሆን 250 ነው። ሁሉም ነገር ዋጋ አለው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። በብዛት የሚያነሱት ሠርግ፣ ስብሰባና በፍላሽ የሚሠራ ሥራ ከሆነ ሜካኒካል ሸተር ያለውን ይምረጡ። በዝምታ ማንሳት ግድ ሲሆን ኤሌክትሮኒኩን በ1/100 ይጠቀሙ። ከመግዛትዎ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ይሞክሩት፦ ኤሌክትሮኒክ ሸተሩን ያብሩ፣ ፍጥነቱን 1/500 ያድርጉ፣ በሱቁ መብራት ሥር ነጩን ግድግዳ ያንሱ። ከዚያም ካሜራውን ፈጠን አድርገው ወደ ጎን እያዞሩ የበሩን መቃን ያንሱ። መስመርም ሆነ መዝመም ካለ ያኔውኑ ያዩታል።

እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አጎታችንን «ለፎቶ ብለው እንደገና ይመርቁልን» ማለት አልቻልኩም።