አንዱ ለጉድጓድ፣ አንዱ ለእቅፍ

ስሙኝማ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ስብሰለሰልበት የከረምኩት ነገር ባለፈው ቅዳሜ ደረጃ ላይ ቆሜ ብልጭ አለልኝ፤ ለእናንተ ሳልነግር እንቅልፍ አይወስደኝም። ነገሩ ስለ ውሻ ነው። ቆይ አትሳቁ፣ እስክጨርስ ታገሡኝ።

መነሻዋ ልጄ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚህ ለንደን ከእኛ በቀር ውሻ የሌለው ቤት ያለ አይመስላትም። ስትለምን፣ ስታኮርፍ፣ እንደገና ስትለምን ከርማ በመጨረሻ ሁለት ፎቶ ይዛ መጣች። አንደኛው ጃክ ራስል ነው፤ ነጭ ሆኖ ቡናማ ጣል ጣል ያለበት፣ ጆሮው እጥፍ ያለ፣ ፊቱ «ዛሬስ ምን እናጥፋ?» የሚል። ሁለተኛው ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል ይባላል፤ ስሙ ከቁመቱ ይረዝማል። ጆሮው እንደ ተፈታ ሹሩባ የተንዠረገገ፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ አሁኑኑ ካላቀፋችሁት የሚያለቅስ የሚመስል። «ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፤ አንዱን ምረጥ» አለችኝ።

እናቴ አብራን ነው የምትኖረው። ሰማችና «ውሻ የግቢ ነው፤ ሳሎን ምን ይሠራል?» አለች። ግቢ የለንም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። ይህንኑ ስነግራት «እንግዲያ ሥራው ምንድነው?» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ይቺን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እኔ እንደ ዋዛ ነበር ያለፍኳት።

እኔማ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ መለካት ጀመርኩ። ጃክ ራስል ከመሬት እስከ ትከሻው ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ክብደቱም ስድስት ኪሎ ገደማ። ካቫሊየር ከእሱ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ክብደቱ ግን ከስምንት ኪሎ ብዙም አያልፍም። ሁለቱም አውቶቡስ ውስጥ እግር ሥር ይተኛሉ፣ ሁለቱንም ልጄ ታነሳቸዋለች። ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? በመልክ እንምረጥ አልኩ፤ ልክ ቀይና ጥቁር ጫማ እንደሚያማርጥ ሰው።

ከዚያ ቅዳሜ መጣ። ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ አዛውንት እንግሊዛዊ ጎረቤት አሉን፤ ጃክ ራስል አላቸው። ደረጃው ላይ ተገናኘንና የልጄን ነገር አነሳሁባቸው። ብዙም አልተናገሩ፤ «እስቲ እጆችህን አምጣ» አሉኝ። ውሻውን በኋላ እግሮቹ አቆሙትና ሁለት እጄን ከፊት እግሮቹ ሥር ደረቱ ላይ አዞሩልኝ። አውራ ጣቶቼ ጀርባው ላይ ተገናኙ፤ የቀሩት ጣቶቼ ከደረቱ ሥር ተነካኩ። ሞቅ ያለ፣ ጠንካራ፣ ጫን ሲሉት ግን ትንሽ እሺ የሚል ደረት ነው። ልቡ መዳፌ ውስጥ ድው ድው ይላል።

«አየህ? ይገባል» አሉ።

«የት ነው የሚገባው?»

«ቀበሮ ጉድጓድ ውስጥ ነዋ!»

ጉድ በሉ! ገባችሁ? እጄ ላይ የነበረው የውሻ ደረት ብቻ አይደለም፤ የቀበሮ ጉድጓድ ልክ ነው! ልብስ ሰፊ ትከሻ እንደሚለካ ሁሉ የዚህ ውሻ አርቢዎች እስከ ዛሬ ደረቱን በእጃቸው ይለካሉ፤ በሁለት እጅ ካልተያዘ ጉድጓዱም አያስገባውም። ለካ ውሻው ያነሰው ትንሽ ነገር ስለሚያምር አይደለም። በሩ ስለጠበበ ነው!

ሽቅብ ሮጬ ገባሁና ማንበብ ያዝኩ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቁጠሩልኝ።) በ1819 ጆን ራስል የሚባል የኦክስፎርድ ተማሪ፣ ኋላ ቄስ የሆነ፣ ከአንድ ወተት ሻጭ ላይ አንዲት ነጭ ውሻ ገዛ። ስሟ ትራምፕ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳታስቡ። ጆን የሚባለውን ሲያቆላምጡት ጃክ ይሉታልና ዘሩ በባለቤቱ ስም ተጠርቶ ቀረ። «ቴሪየር» የሚለው የወገኑ መጠሪያም ቢሆን መሬት ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ የአፈር ውሻ እንደ ማለት።

የቀበሮ አደኑ እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ፤ ጣፋጩ እዚህ ጋ ነው። ፈረሰኞቹና ትልልቆቹ አዳኝ ውሾች ቀበሮውን ያባርራሉ። ቀበሮው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ትልልቆቹ ውሾች አፉ ላይ ቆመው ይቀራሉ፣ አያስገባቸውም። ያን ጊዜ ትንሹ ይለቀቃል። ሥራው ቀበሮውን መግደል አይደለም፤ ገብቶ ፊት ለፊት ቆሞ መጮህ ነው፣ ቀበሮው ተማሮ እስኪወጣ ድረስ። ካልወጣም ከላይ ያሉት ሰዎች ጩኸቱን እየሰሙ «እዚህ ጋ ነው» ብለው ይቆፍራሉ። ነጭ የሆነውስ ለምን መሰላችሁ? አፈር ለብሶ ሲወጣ ትልልቆቹ ውሾች ቀበሮ መስሏቸው እንዳይዘነጥሉት ነው!

አሁን አንድ በአንድ እኛ ቤት አምጡት። ጩኸቱ ስልኩ ነው፤ መጮህ ካቆመ ተቆፍሮ የሚደርስለት የለም፣ ስለዚህ አያቆምም። መቆፈር ሙያው ነው፤ አፈር ካጣ የሶፋ ትራስ አለ። ትንሽ ነገር ሲሮጥ ካየ ይከተላል፤ ድመት ይሁን የልጄ ጓደኛ ጥንቸል ግድ የለውም። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ እልኩ ነው። ሰዎች «ጃክ ራስል አይታዘዝም» ሲሉ እሰማ ነበር። አስቡት እንጂ! ጨለማ ውስጥ፣ ከመሬት በታች፣ ጥርሱን ካገጠጠ ቀበሮ ጋር ተፋጧል፤ ጌታው ከላይ ነው። ማንን ይጠይቅ? ራሱ መወሰን ነበረበት። እኛ እልከኛ የምንለው እሱ «ኃላፊነቴን እየተወጣሁ ነው» ይለዋል።

እንግሊዝ በ2004 ባወጣችው ሕግ ቀበሮን በውሻ ማሳደድ ተከልክሏል። ሥራው ተዘግቷል፤ ማስታወቂያው ግን ለውሻው አልደረሰውም። አሁንም በየማለዳው ተነስቶ ቢሮ የተዘጋበት ሠራተኛ ይመስል በር በሩን ያያል።

እዚህ ላይ የእናቴ ጥያቄ ትዝ አለኝ። «ሥራው ምንድነው?» ለካ ትክክለኛውን ጥያቄ ገና በመጀመሪያው ቀን ጠይቃ ጨርሳ ነበር! እኛ አገርስ ውሻ ሲገኝ «ይጮኻል ወይ?» ነው እንጂ «ያምራል ወይ?» ማን ይላል?

እሺ፣ ካቫሊየርስ ሥራው ምን ነበር?

መቀመጥ! እሱም ጭን ላይ። አያቶቹ የንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ውሾች ናቸው፤ ከ1660 እስከ 1685 የነገሠው። ንጉሡ ከእነዚህ ውሾች አይለይም ነበር፤ በ1667 ሳሙኤል ፒፕስ የሚባል ባለሥልጣን ንጉሡ ምክር ቤት ተቀምጦ ከውሻው ጋር መጫወቱ አበሳጭቶት በማስታወሻው ጽፏል። የኛን ቤተ መንግሥት ብታስታውሱ አይገርማችሁም፤ የጃንሆይን ውሻ ሉሉን የማያውቅ ማን አለ? እንዲህ ያለ ውሻ ደመወዙ የሚከፈለው ለመወደድ ነው። ሰው ማየት፣ ሰው ላይ መደገፍ፣ ማሞቅ። ጠባቂ ይሆነኛል ካላችሁ እርሱት፤ ሌባ ቢመጣ ጅራቱን እየቆላ ሳሎኑን ያስጎበኘዋል።

አያችሁት አይደል? ጃክ ራስል ያነሰው ጉድጓድ ስለሚጠብብ ነው። ካቫሊየር ያነሰው ጭን ስለሚጠብብ ነው! ሚዛን ላይ አንድ ናቸው፣ ኑሮ ላይ ሰማይና ምድር። እኔ ደግሞ የማማርጠው በቀለም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስደርስበት ብቻዬን ጮኬያለሁ። ነጭና ቀይ ቡናማ የሆነው ካቫሊየር ብሌንሃይም ይባላል፤ ስሙን ያገኘው የማርልበሮው መስፍኖች ውሾቹን ካረቡበት ከብሌንሃይም ቤተ መንግሥት ነው። ቤተ መንግሥቱ ከኦክስፎርድ ከተማ 15 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ተማሪው ራስል ትራምፕን የገዛውም እዚያው ኦክስፎርድ አጠገብ ነው። አንዱ የወተት ሻጭ፣ አንዱ የመስፍን፤ ጎረቤታሞች ነበሩ!

እንግዲህ ለእኛ ቤት መልሱ ቁልጭ ብሎ ወጣ ብዬ ተደሰትኩ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ግቢ የለም፣ ቀጭን ግድግዳ። ካቫሊየር ብቻውን ሲቀር ይከፋዋል ይባላል፤ እናቴ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤት ናት። (ጃክ ራስል መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ሩጫ የሚወጣ፣ አጥር ያለው ቤት ያላችሁ እሱን ያዙ፤ ከ13 ዓመት በላይ የሚቆይ ጠንካራ ጓደኛ ነው።) ስልክ ላነሳ ስል እንስሳት ክሊኒክ የምትሠራ ጓደኛችን «ቆይ፣ ስለ ልቡ ሰምተሃል?» አለችኝ።

ልብ ውስጥ ክፍሎች አሉ፤ በክፍሎቹ መካከል ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት በር። የታችኛው ክፍል ደሙን ወደ ሰውነት ሲገፋ በሩ ግጥም ብሎ መዘጋት አለበት፣ አለዚያ ደሙ ወደ መጣበት ይመለሳል። ካቫሊየር ላይ የግራው በር ገና በጎልማሳነቱ ይወፍራል፣ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ ዝናብ እንደመታው የእንጨት በር አልገጥም ይላል። ጓደኛችን ክሊኒኩ ውስጥ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጋ ሁለት ውሾች አሰማችኝ። የመጀመሪያው ድም-ታ፣ ድም-ታ ይላል። ሁለተኛው፣ የሰባት ዓመት ካቫሊየር፣ ድም ብሎ ሳይጨርስ «ሽሽሽ»። ጎማው ያለቀ ቧንቧ! ዝም ብዬ ቀረሁ፤ ውሻው እጄን ይልሳል። አምስት ዓመት ሲሞላቸው ግማሽ ያህሉ ላይ፣ አሥር ሲደርሱ ሁሉም ላይ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይህ ድምፅ ይሰማል።

ለምን? ይኸው ደግሞ ሌላ ታሪክ። በ19ኛው መቶ ዘመን ሰዎች የንጉሡን ውሾች አፍንጫ ጠፍጣፋ እያደረጉ አረቧቸው። በ1926 ሮዝዌል ኤልድሪጅ የሚባል አሜሪካዊ እንግሊዝ መጥቶ የጥንት ሥዕሎቹ ላይ ያለውን ሹል አፍንጫ ያለው ውሻ ቢፈልግ አጣ፤ እንዲህ ያለ ለሚያመጣ በክራፍትስ የውሾች ትርኢት ላይ 25 ፓውንድ ሽልማት አወጣ። አርቢዎች አፍንጫቸው ሾል ያሉትን እየለቃቀሙ የድሮውን መልክ መለሱት። ደስ ይላል አይደል? ችግሩ ግን መነሻዎቹ ጥቂት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ከአንድ ማሰሮ እርሾ ሲበዳደር አስቡት። እርሾው ሲያምር የሁሉም እንጀራ ያምራል፤ እርሾው ውስጥ ጉድለት ካለ ግን ከየትኛው ቤት ትበደራላችሁ?

የብዙዎቹ የጭንቅላት አጥንትም ለአንጎላቸው ይጠብባል፤ 42 ቁጥር እግር በ39 ጫማ። ከዚህ የተነሳ አንዳንዱ ሲሄድ ድንገት ቆሞ አንገቱን የሚያክ ይመስል አየሩን ይቧጭራል፣ እግሩ ግን ቆዳውን አይነካም። ይህን ያየ ሰው ወዲያው ሐኪም ጋ ይሂድ። የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ካቫሊየርን ማራባት የእንስሳት ደኅንነት ሕጉን ይጥሳል ብሎ የወሰነው በእነዚህ በሽታዎች የተነሳ ነው።

ልጄ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «ጤነኛ ልብ ያለው የለም?» አለች። እሷ የጠየቀችውን ነው ጠንቃቃ አርቢዎች የሚጠይቁት፦ ውሻው ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላው አይዳቀልም፤ ለመዳቀልም የራሱ ብቻ ሳይሆን የወላጆቹ ልብ በአምስት ዓመታቸው ተደምጦ ንጹሕ መሆን አለበት። እነዚህ ወላጆች ለቡችላው አያቶቹ ናቸው። ለምን አያቶች? ቡችላ ላይ በሽታው ገና ስለማይሰማ ነዋ! የቡችላን የነገ ልብ የምትሰሙት አያቱ ደረት ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ነጋዴ ከሌላ ገዝቶ ቡችላ መሸጥ አይችልም፤ እናቱ አጠገብ ታዩታላችሁ። ሕጉ የሉሲ ሕግ ይባላል፤ ሉሲ ከቡችላ ማምረቻ የተረፈች ውሻ ነበረች። ዘሯ ምን መሰላችሁ? ካቫሊየር!

እናም ልጄ ስልክ ይዛ አርቢዎች ጋ መደወል ጀመረች፣ እኔ አጠገቧ። «የእናቱ ልብ ተደምጧል? የአያቱስ? ወረቀቱን ማየት እንችላለን?» ሁለቱ ቀለሙን ብቻ ነገሯት። ሦስተኛው ዘጋባት። አራተኛዋ ሴትዮ ሳቀችና አያትየዋ ዘጠኝ ዓመቷ እንደሆነ፣ እዚያው ቤት እንዳለች፣ መጥተን በማዳመጫ መስማት እንደምንችል ነገረቻት። የፊታችን ቅዳሜ ጓደኛችንን ይዘን እንሄዳለን።

እናቴ አሁንም «እኔ የለሁበትም» ትላለች። ትናንት ግን «ዶሮ ወጥ ይበላል?» ብላ ጠየቀችኝ። አይበላም፣ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል፣ ይህ ዓይነቱ ደግሞ ውፍረት ይወዳል፣ ለልቡም ጥሩ አይደለም ብዬ አስረዳኋት። «ታዲያ ሽንኩርት የሌለበት ይቀቀልለታላ» አለች። ማታ ሳሎን ስገባ አሮጌ ጋቢዋን አራት እጥፍ አጥፋ ከምትቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀምጣለች። «ለማን ነው?» አልኳት።

«ለብርድ» አለችኝ።