በሎንዶን የሊባኖስ ማዕድና የሚጾም ቤተሰብ

በአውሮጳ ከተማ የሚኖር ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ በዐቢይ ጾም ከቤቱ ወጥቶ ሊመገብ ሲያስብ የሚገጥመው ችግር የገንዘብ ብቻ አይደለም። የምግብ ቤቱ ዝርዝር በሥጋ ይጀምራል፤ በአይብ ይቀጥላል፤ በቅቤ በተጋገረ ጣፋጭም ይፈጸማል። አባትና እናት ደረቅ ዳቦና ቅጠል ይዘው ሲቀመጡ የሚያዩ ልጆች፣ ጾም ማለት በሰው መካከል ተርቦ መቀመጥ ነው ብለው እንዳይማሩ ያሠጋል። ስለዚህ በሎንዶን ከተማ ስለሚገኙት የሊባኖስ ምግብ ቤቶች ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። በእኛ አስተያየት ከሀገራችን ምግብ ቤቶች ቀጥሎ የሚጾም ሰው ሳይሳቀቅ ጠግቦ የሚነሣው ከእነርሱ ገበታ ነውና።

ማርብል አርች ከተባለው የእብነ በረድ ቅስት ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚዘልቀው የኤጅዌር ጎዳና ሮማውያን በቀየሱት ጥንታዊ መንገድ ላይ ያለ ነው። ዛሬ ግን ጎዳናው የሚታወቀው በዐረብኛ በተጻፉት ሰሌዳዎቹና ከየደጁ በሚወጣው የጥብስ ሽታ ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1975 እስከ 1990 ዓ.ም. በቆየው የሊባኖስ የርስ በርስ ጦርነት ብዙ ሕዝብ አገሩን ለቆ ተሰደደ። ወደ ሎንዶን ከደረሱትም መካከል ምግብ ቤት ከፍተው ኑሮአቸውን ያቋቋሙ ነበሩ።

ሊባኖስ ለእኛ እንግዳ ስም አይደለችም። ዳዊት የሚደግም ሁሉ አርዘ ሊባኖስን ያውቃል፤ በወንጌል የተጠሩት ጢሮስና ሲዶናም የእርስዋ ከተሞች ናቸው። ከዚህም ሁሉ የሚበልጥብን፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያው ጳጳሳችን የሆኑት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ከጢሮሱ ፈላስፋ ከሜሮጵዮስ ጋር በመርከብ የተነሡ ብላቴና እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሓፊው ሩፊኖስ መጻፉ ነው።

በዛሬዪቱ ሊባኖስ ከእስላሞች ጋር ብዙ ክርስቲያኖች ይኖራሉ። ማሮናውያን አሉ፤ የአንጾኪያ ኦርቶዶክሳውያን አሉ፤ በሃይማኖት ከእኛ ጋር አንድ የሆኑት ሶርያውያንና አርመናውያንም አሉ። የጾማቸው ሥርዓት በቀኑ ብዛትም ሆነ በጥብቅነቱ ከእኛው ይለያል። ይሁን እንጂ ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ገበታ የመሙላት ጥበባቸው የዳበረው በዚሁ በጾም ነው። የጾም ምግብን «ሲያሚ» ይሉታል፤ ቃሉ ከእኛው «ጾም» ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ነው። ከሥጋና ከቅቤ ተለይቶ በወይራ ዘይት የተሠራውንም «ቢ ዜት» ይሉታል፤ ይኸውም ቃል በቃል «በዘይት» ማለት ነው። አስተናጋጁ የሊባኖስ ሰው ከሆነ እነዚህን ሁለት ቃላት የሚናገር እንግዳ ከረጅም ማብራሪያ ይድናል።

አቀራረባቸው እንዲህ ነው። «መዜ» የተባሉ ትንንሽ ሳህኖች በገበታው መካከል ይደረደራሉ፤ ሁሉም በስስ ዳቦ እያጠቀሰ በአንድነት ይበላል። ከትሪ ጋር ላደገ ሰው ይህን ማስተማር አያስፈልግም። ለ4 ሰው 6 ወይም 7 ሳህን ይበቃል። ሑሙስ የተባለው ተቀቅሎ የተፈጨ ሽምብራ በሰሊጥ ቅባት፣ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት የተለወሰ ነው፤ ሽሮ የለመደ ልጅ ቶሎ ይወደዋል። ታቡሌ በደቃቁ የተከተፈ ፐርሰሜሎና ናና ከጥቂት የተከካ ስንዴ ጋር ነው። ፎሶሊያውና ባሚያው በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በዘይት ይበስላሉ። ሙጀደራ ምስርና ሩዝ ሆኖ በላዩ እስኪጠቁር የተጠበሰ ሽንኩርት ይነሰነስበታል፤ ከሁሉም ርካሹና ለረኀብ የሚበጀው እርሱ ነው። ፉሉንም የሀገራችን ሰው ሳይነግሩት ያውቀዋል፤ ነገር ግን የእነርሱ በሎሚና በወይራ ዘይት ይበላል። በሥጋና በስንዴ የሚሠራው ኪቤም የጾም መልክ አለው፤ በሥጋው ፈንታ ዱባ ወይም ድንች ይገባበታል። «የመነኩሴው ኪቤ» የተባለው ሾርባ ግን በቤት የሚሠራ እንጂ በምግብ ቤት እምብዛም የማይገኝ ነው፤ ክርስቲያኖቹ በስቅለት ዓርብ የሚበሉት ሲሆን እንደ እኛ ጉልባን ያለ ነው።

ስለዚህ ምግብ ከማንም ይልቅ የሚያውቁ በቤሩት ቤቶች በሠራተኝነት የደከሙ እኅቶቻችን ናቸው። ብዙዎቹ ጥበቡን የተማሩት ዕረፍትና ደመወዝ በሚከለከልበት ቤት ስለሆነ፣ ከመካከላቸው አንዲቱን ወደዚህ ማዕድ የሚጋብዝ ሰው አስቀድሞ ፈቃድዋን ቢጠይቅ መልካም ነው።

የሚጠነቀቁበትም አለ። በእንግሊዝ አገር «ቬጄቴሪያን» የተባለ ምግብ ሥጋ የለበትም ማለት እንጂ ወተት፣ አይብና እንቁላል የለበትም ማለት አይደለም፤ ለጾማችን የሚቀርበው «ቪጋን» የተባለው ነው። ሙተበል በተባለው የደበርጃን ምግብ አንዳንዱ ወጥ ቤት እርጎ ይጨምራል። ነጩ ሩዝ ብዙ ጊዜ በቅቤ ይበስላል። የምስር ሾርባው በዶሮ መረቅ ሊሠራ ይችላል። የተሞላው የወይን ቅጠል ቀዝቅዞ የቀረበ እንደ ሆነ በዘይትና በሩዝ የተሠራ ነው፤ ትኩስ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ሥጋ አለበት። ጠይቆ መብላት ነውር አይደለም፤ ጥያቄውንም አባት ወይም እናት በልጆቹ ፊት በደስታ ቃል ቢያቀርቡት እንወዳለን።

በፍስክ ወራት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይነሣል። በዚያ ጎዳና የአብዛኞቹ ምግብ ቤቶች ሥጋ በእስልምና ሥርዓት የታረደ ነው፤ የአባቶቻችንን ልማድ የሚጠብቅ ቤተሰብም ይህን ዐውቆ ይግባ። ከወዳጅ ጋር በዚህ መከራከር አያስፈልግም፤ የዘይቱ ገበታ ብቻውን የተሟላ ስለ ሆነ ከእርሱ አዝዞ በሰላም መመገብ ይቻላል።

ስለ ሰዓቱም እንናገር። የብዙ አውሮጳውያን ምግብ ቤቶች ማድ ቤት ከምሳ በኋላ ተዘግቶ ማታ ይከፈታል፤ እስከ 9 ሰዓት፣ ማለት በእነርሱ አቆጣጠር እስከ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት፣ የሚጾም ሰው የሚደርሰው በሩ ሲዘጋ ነው። የሊባኖሶቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር ጀምሮ እስከ ሌሊት ሳያቋርጡ ያስተናግዳሉ። ስለዚህ የሥራ ባልደረባ የምሳ ግብዣ ሲያቀርብ «ከ3 ሰዓት በኋላ ይሁንልን» ማለት ይቻላል። በደጅ ካሉት ወንበሮች ግን እንርቃለን። እ.ኤ.አ. ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ በእንግሊዝ በዝግ ቤት ማጨስ ስለ ተከለከለ የሺሻው ጢስ ሁሉ ወደ ደጅ ወጥቷልና፣ ልጆች የያዘ ሰው በውስጥ ይቀመጥ። ጸሎተ ማዕዱን በዝግታ ቢያደርሱትም የሚገረም የለም።

ከምግቡ በኋላ የሚቀርበው ባቅላዋ ብዙ ጊዜ በቅቤ ስለሚሠራ ለፋሲካ ይቆየን፤ በጾም ግን ተምር ወይም ፍሬ ይታዘዛል። ቡናው ጥቁርና ወፍራም ሆኖ በትንሽ ሲኒ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ሄል ስለሚገባበት ያለ ሄል የሚሻ አስቀድሞ ይናገር፤ ስኳሩም አብሮ ስለሚፈላ ምን ያህል እንዲሆን በዚያው ጊዜ ይነገራል።