የፓርኪንሰን በሽታ ለምን ያማል? ከአይጦች የተገኘ ትምህርት

ፓርኪንሰን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የእጅ መንቀጥቀጥን፣ የእንቅስቃሴ መዘግየትንና የሰውነት መገተርን ነው። ነገር ግን ብዙ ታካሚዎች ትከሻቸውን፣ ወገባቸውን ወይም እግራቸውን ያማቸዋል። አንዳንዶቹን የትከሻ ሕመሙ ከመንቀጥቀጡ ቀድሞ ይጀምራቸዋል። ቤተሰብም «ብርድ መትቷቸው ነው» ወይም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሕመሙ ግን የበሽታው ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናም አለው።

ዶፓሚንና ሕመም

ፓርኪንሰን የሚመጣው ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ የአንጎል ሴሎች ቀስ በቀስ ሲሞቱ ነው። ዶፓሚን እንቅስቃሴን ያስተካክላል፤ ወደ አንጎል የሚመጣውን የሕመም መልእክት ለማብረድም ይረዳል። ሲያንስ ቀላሉ ሕመም ይበረታል።

አይጦቹ ምን አሳዩ?

እ.ኤ.አ. በ1968 ስዊድናዊው ተመራማሪ ኡርባን ኡንገርስቴት 6-ሃይድሮክሲዶፓሚን የተባለ ኬሚካል ወደ አይጥ አንጎል በመውጋት የዶፓሚን ሴሎችን ማጥፋት እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ጥናቶች እንዲህ ያሉ አይጦች ሞቃት ብረት ላይ ሲቆሙ ከጤናማዎቹ ፈጥነው እግራቸውን አንስተዋል፤ ቅዝቃዜም ይበልጥ አስጨንቋቸዋል። በአንዳንዶቹ ጥናቶች ሌቮዶፓ ሲሰጣቸው ሕመሙ ቀንሷል። በሰዎች ላይ የተደረጉ አንዳንድ ጥናቶችም ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል።

ውጤቱ ግን በሁሉም ጥናት አንድ ዓይነት አይደለም። አይጥ ሕመሟን አትናገርም፤ እግሯን ለማንሳት ብትዘገይ ስላልተሰማት ሳይሆን ሰውነቷ ስለተገተረ ሊሆን ይችላል። በሰውም ይህ ያጋጥማል። የፓርኪንሰን ታካሚ ፊት ስሜትን ብዙ ስለማያሳይ፣ ዝም ማለታቸው አላመማቸውም ማለት አይደለም። ስለዚህ ይጠይቋቸው።

ምን ያድርጉ?

• ሕመሙ የሚነሳበትንና መድኃኒቱ የሚወሰድበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ። ሕመሙ የሚቀጥለው መድኃኒት ሰዓት ሲቃረብ የሚብስ ከሆነ፣ ወይም ንጋት ላይ እግር እየተጣመመ የሚያም ከሆነ፣ የመድኃኒቱ ኃይል እያለቀ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ሰዓቱን ወይም መጠኑን ሊያስተካክል ይችላል።
• ሌቮዶፓን በራስዎ አይጨምሩ፤ በድንገትም አያቋርጡ። ድንገት ማቆም አደገኛ ነው።
• የማስታገሻ ክኒን ያለ ሐኪም ምክር ለረጅም ጊዜ አይውሰዱ።
• የመታጠቢያ ውሃውን ሙቀት አስታማሚው አስቀድሞ በእጁ ይለካ። የፍል ውሃ ጠርሙስ በጨርቅ ሳይጠቀለል ሰውነት ላይ አይደረግ፤ ታካሚው ቶሎ መሸሽ ስለማይችል ይቃጠላል። በክረምት ብርድ በተዘጋ ክፍል ከሰል አያንድዱ።
• እንደ አቅም በየቀኑ መራመድና ሰውነትን ማፍታታት ይጠቅማል።

የት ይሂዱ?

አቃቂ ቃሊቲ የሚኖሩ ከሆነ በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ አስፈላጊ ሲሆን ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ወይም የነርቭ ሐኪም ወዳለበት ተቋም ሪፈር ይጻፍልዎታል። አዲስ አበባ ውስጥ በወይዘሮ ክብራ ከበደ የተመሠረተ፣ የፓርኪንሰን ታካሚዎችን የሚደግፍ ድርጅትም አለ።

የደረት ሕመም፣ ከመውደቅ በኋላ የመጣ ከባድ ሕመም፣ የእግር መደንዘዝ ወይም ድንገት መስነፍ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል ካለ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።