የቮልስ ፓራፋንጎ የሚታሰርበት ቦታ

ቮልስ ለባቲላሜራ የምትመች መኪና ናት፤ አራቱም ፓራፋንጎዎቿ በቡሎን የታሰሩ ናቸው። ተጋጭታ ስትመጣ ላሜራ ቆርጦ መበየድ፣ ስቱኮ ለብጦ ቀኑን ሙሉ ማሸት የለም፤ የተጎዳውን ፈትቶ አውርዶ ሌላ መስቀል ነው። ይህ ሁሉ ግን ቡሎኑ ከተፈታ ነው። ሃምሳ ክረምት ያለፈበት ቡሎን ደግሞ በልመና አይፈታም።

ቡሎኑ የሚገባው ከአካሉ ላሜራ ጀርባ ፋብሪካው በበየደው ዳዶ ውስጥ ነው። ላሜራው ብቻውን ጥርስ መያዝ አይችልም። የ8 ሚሊ ቡሎን ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ፣ የ6ቱ ደግሞ 1 ሚሊ ነው፤ የመኪና ላሜራ አንዳንዴ 1 ሚሊም አይሞላም። አንድ ሙሉ ጥርስ እንኳ የማይወጣለት ብረት ምን ሊያስር ይችላል? ያ ዳዶ ከሌለ ፓራፋንጎው የሚንጠለጠልበት የለውም ማለት ነው።

ዝገቱ የሚጀምረው የፊት ፓራፋንጎ የኋላ ጫፍ ከመርገጫው ጋር በሚጋጠምበት ጥግ ነው። ጎማው የሚወረውረው ጭቃ እዚያ ይከማቻል፤ በፓራፋንጎውና በአካሉ መካከል ያለው የጎማ ማሰሪያም ውሃውን ይዞ ያቆየዋል። 13 ቁልፍ ስናስገባ እንግዲህ ከሦስት አንዱ ይሆናል። ወይ ይፈታል፣ ወይ አንገቱ ይቆረጣል፣ ወይ ደግሞ ዳዶው ከብየዳው ተላቆ ከቡሎኑ ጋር አብሮ ይዞራል። የተቆረጠውን በትራፓኖ ማውጣት ይቻላል። የሚያበሳጨው አብሮ የሚዞረው ነው፤ ከጀርባ እጅ በማይገባበት ቦታ ከሆነ የሚይዘው የለም።

እዚህ ላይ ነው ሪቬት ዳዶ የሚመጣው። ውስጡ ጥርስ ያለው፣ አንገቱ ላይ ክንፍ ያለው አጭር ቱቦ ነው። ከፊት በኩል በቀዳዳው ይገባል፤ ሲሳብ የቱቦው ለስላሳ ክፍል ከላሜራው ጀርባ ተጨፍልቆ ያብጥና ላሜራውን ከሁለት ወገን ይነክሰዋል። ከጀርባ ማንም መያዝ አያስፈልገውም። መጀመሪያ የወጣው ለመኪና አልነበረም፤ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ጉድሪች የተባለው የአሜሪካ የጎማ ኩባንያ በአውሮፕላን ክንፍ የፊት ጠርዝ ላይ በረዶ የሚሰብረውን ጎማ ለማሰር ያወጣው ነው። እዚያም ችግሩ ይኸው ነበር፤ ስስ ላሜራ፣ ከጀርባ የማይደረስበት።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ቀዳዳው ላይ ግን ምሕረት የለውም። ለ6 ሚሊው ብዙውን ጊዜ 9፣ ለ8 ሚሊው 11 ሚሊ ነው የሚበሳው። ግማሽ ሚሊ ከሰፋ ዳዶው ይሳባል እንጂ አይነክስም። ስለዚህ በትንሹ በስቼ በክብ ሞረድ እያሰፋሁ፣ ዳዶውን እየሞከርኩ ነው የምሄደው፤ በጣት ግፊት ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት። የተበሳውን ጠርዝ አንቲረስት ሳልቀባ አላስገባም። የዳዶ መሳቢያው መሣሪያ በማይገባበት ጥግ ረጅም ጠንካራ ቡሎን እወስድና ወፍራም ዳዶና ሮንዴላ አስገባበታለሁ፤ ግራሶ ቀብቼ ሪቬት ዳዶውን ጫፉ ላይ አጠልቃለሁ። ቡሎኑ እንዳይዞር በአንድ ቁልፍ ይዤ በሌላው ወፍራሙን ዳዶ አጠብቃለሁ። መጀመሪያ ይከብዳል፤ ብረቱ መጨፍለቅ ሲጀምር እጅ ላይ ለዘብ ይላል፤ ከዚያ ድንገት ይደነድናል። ማቆም የሚገባው እዚያ ነው። አንድ ሩብ ዙር ከተጨመረ ጥርሱ ይላጣል፣ ከዚያ በፊት ከቆመ ደግሞ ነገ ቡሎን ሲጠብቅበት አብሮ ይዞራል። ይህን መጻፍ ይቻላል፤ እጅ የሚማረው ግን በቁራጭ ላሜራ ላይ ነው፣ በደንበኛ መኪና አይደለም።

ደንበኞች ይህን ዳዶ የሚወዱት እሳት ስለሌለው ነው። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ የቮልስ ቤንዚን ታንክ ከፊት ክዳን ሥር፣ በሁለቱ የፊት ፓራፋንጎዎች መካከል ነው ያለው። በቅርቡ አንድ አዛውንት መጥተው፣ «ልጄ፣ ብየዳ አታስነካብኝ፤ ያንን የሚጨመቀውን ዳዶ አድርግልኝና በጊዜ ልሂድ» አሉኝ። የዳዶው ቦታ ዙሪያውን ቀለሙ አብጧል። ካቻቢቴ ሰጥቻቸው፣ «ጋሼ፣ እስኪ እርስዎ ራስዎ ይውጉት» አልኳቸው። ገባ። «ይሄ ሁሉ ስቱኮ ነው እንዴ?» አሉ።

ሪቬት ዳዶ የሚነክሰው ጤነኛ ብረት ካገኘ ብቻ ነው። በዛገ ላሜራ ላይ እሱን መግጠም በነተበ ጨርቅ ላይ ቁልፍ እንደ መትከል ነው፤ ክሩ ይይዛል፣ ጨርቁ ይሄዳል። የአዛውንቱን መኪና ታንኩን አውርደን፣ ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ባትሪ ፈትተን፣ የበላውን ላሜራ ቆርጠን በአዲስ ተክተናል። አዲሱ ላሜራ ከመበየዱ በፊት ጀርባውን ማግኘት ስለሚቻል ተራ ዳዶ በየድንበት። ጀርባው ከተገኘ እኔ ሁልጊዜ የሚበየደውን ነው የምመርጠው። ሥራው ቀናት ፈጀ፣ ዋጋውም ከፍ አለ፤ ቢሆንም ከፈሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱን ካከበደው ወዲህ ቤት ያለን ቮልስ የሚንቅ ሰው የለም።

ሪቬት ዳዶ የማላስገባባቸው ቦታዎችም አሉ። የደህንነት ቀበቶ ማሰሪያ አንዱ ነው፣ የፓራውልት እግር ሌላው። አካሉን ከወለሉ ጋር ዙሪያውን የሚያስሩት ቡሎኖችም እንዲሁ። እነዚህ ሰው የሚሸከሙ፣ ግጭት የሚቀበሉ ናቸው፤ ወፍራም ብረት ላይ የተበየደ ጥርስ ይፈልጋሉ። የአሉሚኒየሙንም አልወደውም። ገበያ ላይ ርካሽ ነው፣ ለመሳብም ይቀላል፤ ግን ከብረት ላሜራ ጋር ጭቃና ውሃ መሃል ሲቀመጥ ራሱ ተበልቶ ያልቃል። ብረቱን ነው የምገዛው።

ከሶማሌ ተራ የሽቦ ጥቅል የሚመስለውን የጥርስ ማደሻ ገዝተው «ይህን ለፓራፋንጎው» የሚሉኝም አሉ። እሱ ለወፍራም ብረት ነው። የቮልስ ሞተር ቤት ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ የሲሊንደሩ ረጃጅም ቡሎኖች ጥርሱን ነቅለው ይወጣሉ፤ እዚያ ውስጥ የብረት ጥርስ ማስገባት የተለመደ፣ ፋብሪካውም ኋላ ላይ ራሱ የወሰደው መላ ነው። በስስ ላሜራ ላይ ግን የሚቀመጥበት ውፍረት የለም።

የሪቬት ዳዶ ሌላ ጣጣው ክንፉ ነው። ከላሜራው በላይ ይወጣል፤ ያቺ ትንሽ ውፍረት የጎማ ማሰሪያውን በአንድ ቦታ ከፍ አድርጋ ከጎኑ ክፍተት ትተዋለች፣ ውሃም መንገድ ያገኛል። ስለዚህ ክንፉ ስስ የሆነውን እፈልጋለሁ። ስሰቅል ሁሉንም ቡሎኖች ግራሶ ቀብቼ በእጅ ብቻ አስይዛለሁ፤ የጎማ ማሰሪያውን አስተካክዬ፣ የበሩን ክፍተት አይቼ፣ ከመሃል ወደ ጫፍ አጠብቃለሁ። በአየር የሚሠራውን መፍቻ ረዳቴ እዚህ ጋ እንዲያነሳ አልፈቅድለትም።

አዲስ የጎማ ማሰሪያ ከጊዜ በኋላ ስለሚተኛ ቡሎኖቹ ይላላሉ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ በወሩ ተመልሶ እንዲመጣ፣ ማጥበቂያ እንደማላስከፍል እነግራለሁ። አብዛኛው አይመጣም፤ አዛውንቱ ግን መጥተዋል።