በደቻቱ ግራና ቀኝ፦ ሥራ፣ ገቢና ድህነት በድሬዳዋ

ደቻቱ ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍል፣ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ውኃ የማይታይበት የአሸዋ ወንዝ ነው። በምዕራብ በኩል የባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች ጎዳናውን በመስመር የቀየሱት ከዚራ፣ በምሥራቅ በኩል ነጋዴው እንደ አመቸው የቆረቆረው መጋላ ይገኛል። ከዚራ የደመወዝ ሰፈር ነበር፤ መጋላ የገበያ። በሁለቱ መካከል፣ በወንዙ ዳርቻ፣ ደመወዝም ሱቅም የሌለው ሰው ጉልት ይዘረጋል፣ ሸክም ይሸከማል፣ የተሰበረ ይጠግናል፣ ሰልባጅ ያነጥፋል። የከተማዋን የሥራና የገቢ ታሪክ በእነዚህ ሦስት ቦታዎች መከታተል ይቻላል።

የድሬዳዋ ድሃ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ሰው አይደለም። ሲሠራ የሚውለው ይበዛል። የሚጎዳው ዛሬ ያገኘው ሥራ ነገ ስለማይደገምለት ነው። ይህ የሆነውም ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ እንጀራዋ የተንጠለጠለው በሌላ ቦታ በሚወሰኑ ነገሮች ላይ ስለሆነ ነው፤ በባቡር መስመር፣ በወደብ ምርጫ፣ በድንበር ሕግና በደጋው ዝናብ።

ባቡር የወለዳት ከተማ

ዐፄ ምኒልክ የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር ነበር፤ ተራራው ግን ለሥራውም ለገንዘቡም ከባድ ሆነ። ስለዚህ መስመሩ ከደጋው ግርጌ በሜዳው እንዲያልፍ ተወሰነና ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. አሁን ድሬዳዋ ካለችበት ቦታ ደረሰ። ግንባታው እዚያው ለዓመታት ቆሞ ስለቆየ፣ አዲሷ ከተማ በዚያ ጊዜ የመስመሩ መጨረሻ ነበረች፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የሐረርጌ ቡናና ቆዳ ከግመልና ከበቅሎ ወርዶ ባቡር ላይ የሚወጣው፣ ጨርቁና ሸቀጡ ከባቡር ወርዶ ወደ መሐል አገር የሚሄደው እዚህ ነበር። የሕንድ፣ የዐረብ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች መጡ፤ ከኦሮሞው፣ ከሶማሌው፣ ከሐረሪው፣ ከአማራውና ከጉራጌው ጋር ገበያውን አቆሙ። የከተማዋ የመጀመሪያ ሰፊ ሥራ መጫንና ማውረድ ሆነ።

ምድር ባቡር ዋና የጥገና ጋራዡን ድሬዳዋ ላይ ማድረጉ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሠራተኛ ፈጠረ። ቀጥቃጩ፣ በያጁ፣ መካኒኩና የሐዲድ ጠጋኙ በየወሩ ደመወዝ ይቀበል ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚሁ ተተከለ። ከዚያም የጥጥ ፋብሪካው መጣ፤ በፈትልና በሽመና ሥራም ትውልድ አሳደገ። ባቡር፣ ጨርቃ ጨርቅና ሲሚንቶ የከተማዋ ሦስት የደመወዝ ምሰሶዎች ነበሩ።

የእነዚህ ድርጅቶች ጥቅም በቅጥር ቁጥር ብቻ ተለክቶ አያልቅም። የወሩ ደመወዝ የሚታወቅ ስለሆነ ባለሱቁ በዱቤ ይሰጣል፣ አከራዩ ቤቱን በልበ ሙሉነት ያከራያል፣ ዕቁቡ አይቋረጥም፣ ልጅ በዓመቱ መካከል ከትምህርት ቤት አይወጣም። አንድ የባቡር ሠራተኛ ደመወዝ ሲበላ ከጀርባው ልብስ ሰፊው፣ እንጀራ ሻጯና ጸጉር አስተካካዩም ይበሉ ነበር። መጋላ የደራው ከዚራ ደመወዝ ስለነበረው ጭምር ነው።

ምሰሶዎቹ እንዴት ተነቃነቁ

መዳከሙ ቀስ በቀስ የመጣ ነው። ወደ አሰብ የሚወስደው የመኪና መንገድ ከሐዲዱ ብዙ ጭነት ወሰደ። በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ድርጅቶች ተወረሱ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር እስከ ድሬዳዋ ዳር ደረሰ፤ ሐዲዱም ተቆርጦ ከረመ። ከ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት በኋላ የአገሪቱ ወደብ ጅቡቲ ሲሆን ለድሬዳዋ ዕድል የተከፈተ ይመስል ነበር። ይሁንና አብዛኛው ጭነት በከባድ መኪና ተጭኖ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ በኩል ማለፍ ያዘ። ለጅቡቲ ከታላላቅ ከተሞች ሁሉ የቀረበችው ድሬዳዋ የጭነቱን አቧራ እንኳ ሳታይ ቀረች።

ያረጀው ሐዲድ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው አገልግሎቱ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተቋረጠ። የጥጥ ፋብሪካውም እንደ ቀድሞው መቀጠል አልቻለም። ሲሚንቶው ወደ ግል ይዞታ ተዛውሮ በአዲስ ማምረቻ ቢስፋፋም፣ ዘመናዊ የሲሚንቶ ፋብሪካ ገንዘብ እንጂ ሰው በብዛት የሚፈልግ ኢንዱስትሪ አይደለም። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ፤ ጣቢያው ግን ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው። የድሮው ባቡር መሐል ከተማ ገብቶ ሲቆም ዙሪያው ሁሉ ገበያ ይሆን ነበር። አዲሱ ኮንቴይነር ይዞ ስለሚያልፍ፣ በየጣቢያው ሻንጣ ተሸክሞና ምግብ ሸጦ ይኖር ለነበረው ሰው የሚተወው ጥቂት ነው።

የድንበር እንጀራ

ደመወዙ ሲሳሳ ክፍተቱን የሞላው ንግድ ነው። ድሬዳዋ ከጅቡቲና ከሶማሌላንድ የሚገባ ልብስ፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ሽቶና የምግብ ሸቀጥ የሚራገፍባት ከተማ ሆና ቆይታለች። የታይዋን ገበያ ስሙ በመላ አገሪቱ የታወቀው በዚህ ነው። ከዚህ ሸቀጥ ውስጥ ቀረጥ ተከፍሎበት የገባ አለ፤ በኮንትሮባንድ የገባም አለ። ኮንትሮባንዱ የመንግሥትን ገቢ ይበላል፣ ቀረጥ ከፍሎ የሚነግደውን ያከስራል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም በሰንሰለቱ ጫፍ ያለችው ጥቂት ጨርቅ በትከሻዋ አድርጋ የምትሸጥ ሴት ናት። ቁጥጥር ሲጠብቅ ትልቁ ነጋዴ መንገድ ወይም ሸቀጥ ይቀይራል፤ እሷ ግን ዕቃዋ ከተወረሰ መነሻ ገንዘቧ በሙሉ ሄደ ማለት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የምትነግድበት የላትም።

ጫት ሁለተኛው የእንጀራ መስመር ነው። ከሐሮማያና ከአወዳይ አካባቢ የሚለቀመው ጫት ትኩስነቱ ሳያልቅ መድረስ ስላለበት መኪናው፣ አውሮፕላኑና ባቡሩ ሁሉ ይሯሯጡለታል። ለቃሚው፣ አሳሪው፣ ጫኙ፣ ሹፌሩና ጫት ተራ ላይ የምትቸረችረው ሴት ሁሉ የሚበሉት ከዚህ ነው። ለብዙ ሴቶች በትንሽ ገንዘብ ከሚገባባቸው ጥቂት ንግዶች አንዱም ነው። በአንጻሩ ጫት የወጣቱን የሥራ ሰዓት ይወስዳል፣ የቤተሰቡን ገቢ ይሻማል፤ የሚገኘውም የሚጠፋውም ገንዘብ ከአንድ ቤት ሊሆን ይችላል። ዋጋውም በሌሎች አገሮች ውሳኔ ይናጋል። ብሪታንያ በሰኔ 2006 ዓ.ም. ጫትን ስትከለክል አንድ የውጭ ገበያ ተዘጋ፤ ጅቡቲና ሶማሌላንድ ድንበራቸው ላይ የሚወስኑት ደግሞ እዚህ ባለው ዋጋ ላይ ወዲያው ይታያል።

ቡናም አለ። የሐረር ቡና ለውጭ ገበያ የሚዘጋጀው በብዛት ድሬዳዋ ባሉ መጋዘኖች ነው፤ እዚያ ተቀምጠው ፍሬውን የሚለቅሙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሥራው ምርት ሲገባ ይበዛል፣ ሲያልቅ ይቆማል። ወንዶቹ በጫኝና አውራጅ ማኅበር፣ በግንባታ ቀን ሥራና በባጃጅ ይሰማራሉ። የራሱ ባጃጅ የሌለው ሾፌር ገበያ ኖረም አልኖረም ለባለቤቱ የቀኑን ገቢ ማስገባት አለበት፤ ለእሱ የሚቀረው ከዚያ የተረፈው ነው።

ቁጥሩ የሚያሳየውና የሚደብቀው

በመንግሥት የቤተሰብ ፍጆታ ጥናቶች መሠረት በድሬዳዋ ከድህነት ወለል በታች የነበረው ሕዝብ በ1997 ዓ.ም. 35.2 በመቶ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 28.3፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 15.4 በመቶ ወረደ። በ2008 የአገሪቱ አማካይ 23.5፣ የአዲስ አበባ 16.8፣ የጎረቤቷ የሐረሪ ክልል 7.1 በመቶ ነበር። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው፤ መንገድ፣ ኮንዶሚኒየምና ኮብልስቶን በተስፋፋባቸው በእነዚያ ዓመታት ብዙ እጅ ሥራ አግኝቷል።

ወለሉ ራሱ የት እንዳለ ማየት ግን ያስፈልጋል። በ2008 የተወሰነው መስመር ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ ለቀን ሲካፈል ሃያ ብር አይሞላም። በቀን ሃያ አንድ ብር የሚያወጣ ሰው ድሃ አልተባለም። ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚኖረው አንድ ሕመም፣ አንድ የተወረሰ ዕቃ ወይም አንድ የዋጋ ንረት ወደ ታች ይመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ የሆነበት ጊዜ ታይቷል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከውጭ በሚገባ ሸቀጥ ለምትነግድ ከተማ ይህ በየቀኑ የሚሰማ ጉዳይ ነው።

የሥራ አጥነት ቁጥርም እንዲሁ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጥናት በኢትዮጵያ ከተሞች ሥራ አጥ የሆነው 19.1 በመቶ ሲሆን፣ የሴቶቹ መጠን ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ ነበር። በዓለም አቀፉ አለካክ ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ አንድ ሰዓት ለገቢ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። በዚህ አቆጣጠር ሁለት ጆንያ አውርዶ ሌላውን ስድስት ቀን ጥላ ሥር የዋለ ወጣት ሥራ አለው። ቋሚ ደመወዝ ያለው የባቡር መካኒክና ይህ ወጣት በአንድ ዓምድ ስለሚገቡ፣ የሥራው አለመዝለቅ ከሰንጠረዡ ይሰወራል።

ሐምሌ 1998

ደቻቱ ራሱ ያስተማረው መራራ ትምህርት አለ። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ በደረቁ ወንዝ ወርዶ ዳርቻውን ጠረገው። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ጎርፉ ሰው ሲያንቀላፋ ስለመጣ ማምለጫ አልሰጠም።

ብዙዎቹ ተጎጂዎች አደጋው ካለበት ቦታ የሰፈሩት ሌላ አቅም ስላልነበራቸው ነው። የወንዙ ዳር ለገበያ ቅርብ ነው፤ ኪራዩ ይቀንሳል፣ ወደ ሥራ ለመሄድ የትራንስፖርት ገንዘብ አይጠይቅም። የቀን ሠራተኛ ከከተማው ዳር ቤት ቢሰጠው ከሚያድነው ኪራይ የሚበልጥ ገቢ ሊያጣ ይችላል። ከጎርፉ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠራ፣ ተፈናቃዮችም በሌላ ቦታ ሰፈሩ። ያም ሆኖ ድህነት ሰውን ወደ ወንዙ የሚገፋበት ምክንያት ካልተነካ ግንብ ብቻውን አይበቃም። የደጋው መራቆትም የከተማዋ ጉዳይ ነው፤ ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ፣ ደንገጎ ላይ፣ የተቆረጠ ዛፍ ጉዳቱ የሚታየው ደቻቱ ላይ ነው።

የተሞከሩ መፍትሔዎች

በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2009 ዓ.ም. የጀመረው የከተማ ምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ድሬዳዋን ጨምሮ አሥራ አንድ ከተሞችን ይዞ ተነሳ፤ ዕቅዱም 604 ሺህ ሰዎችን መድረስ ነበር። መሥራት የሚችለው በጽዳት፣ በችግኝና በተፋሰስ ሥራ ተሰማርቶ ይከፈለዋል፤ አረጋዊውና አካል ጉዳተኛው ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። ተጠቃሚው ከክፍያው እየቆጠበ በሦስት ዓመቱ መነሻ ገንዘብ ይዞ እንዲወጣ ይጠበቃል። ትልቁ ጥቅሙ ለድሃው የተወሰነ ጊዜ የሚታወቅ ገቢ መስጠቱ ነው። የሚከብደው መውጫው ላይ ነው፤ ከፕሮግራሙ የወጣችው እናት የምትገባው ያው ጉልት፣ ያው የተጨናነቀ ገበያ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ተስፋ ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ደረቅ ወደቡ፣ አዲሱ ሐዲድና በጅቡቲ ድንበር ወዳለችው ደወሌ የሚወስደው የክፍያ መንገድ ሲደመሩ ከተማዋ ወደ ጥንት ሥራዋ እንድትመለስ ያስችላሉ። ነገር ግን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን ልምድ ማስታወስ ይገባል። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በሐዋሳ የልብስ ስፌት ሠራተኞች የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደሆነ ገልጿል፤ ሠራተኛውም በብዛት ይለቅ ነበር። አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያን ሸቀጥ ያለቀረጥ ወደ ገበያዋ ከሚያስገባው ከአጎዋ ስታስወጣ ደግሞ ብዙ ትእዛዝ ቀረ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ አገሪቱ ለግል ሠራተኛ ወጥ የደመወዝ ወለል ሳይኖራት ቆይታለች። ቤት ኪራይና ምግብ የማይሸፍን ደመወዝ ሠራተኛውን ወደ ገበያው ዳር ይመልሰዋል።

ምን ይደረግ?

መጀመሪያ፣ የከተማዋ አስተዳደር ስንት ሥራ ተፈጠረ ብሎ ሲዘግብ ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ እንደቀጠለ አብሮ ይዘግብ። ሁለተኛ፣ ነፃ የንግድ ቀጠናው ከጫኝና አውራጅ ማኅበራት፣ ከከተማዋ ጋራዦችና ምግብ አቅራቢዎች ጋር በውል ይተሳሰር፤ ኮንቴይነሩ ሲቆም ሥራው ወደ መጋላ ይድረስ። ሦስተኛ፣ አነስተኛዋ ነጋዴ ሸቀጥ በሕጋዊ መንገድና በአነስተኛ ቀረጥ የምታስገባበት በር ይስፋ፤ የድንበሩ አካባቢ ንግድ ሥርዓት ሲይዝ ለእሷ መነሻ ገንዘቧ ይተርፋታል። አራተኛ፣ ለጉልት ነጋዴዎች ከጎርፍ የራቀ፣ ከገበያ ያልራቀ ቦታ ይሰጥ፤ ሁለቱ ካልተሟሉ ሰዎቹ ወደ ወንዙ መመለሳቸው አይቀርም።

ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. ቻርተር የራሷን አስተዳደር አግኝታለች፤ ወደብን፣ ምንዛሪንና የጎረቤት አገርን ድንበር ግን አትወስንም። ልትወስን የምትችለው የውጭው ነፋስ ሲነፍስ መጀመሪያ የሚወድቀው ማን እንደሆነ ነው። እስካሁን የወደቀው ያው የደቻቱ ዳር ሰው ነው። ለአንድ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የሚቀጥል መጠነኛ ገቢ፣ ለአንድ ወቅት ከሚመጣ ትልቅ ገንዘብ ይበልጣል፤ የከተማዋ ዕቅድ ሁሉ ከዚህ መነሳት አለበት።