«ስምንት ኮር ነው» ሲሏችሁ፦ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ስልክ ሱቅ ገብታችሁ «ይሄ ለምን ተወደደ?» ስትሉ ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ መልስ «ኦክታ ኮር ነው» የሚል ነው። ስምንት ኮር አለው ማለቱ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ «አይ7 ነው» ይላችኋል። ለወንድም ለእህት ትምህርት ብላችሁ ላፕቶፕ ወደ አገር ቤት የምትልኩ ብዙ ናችሁና፣ ደመወዛችሁ ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት ኮር ምን እንደሆነ እንይ።

ፕሮሰሰር በስልክም በኮምፒውተርም ውስጥ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ክፍል ነው። ብዙ ሰው «አእምሮው» ይለዋል። እኛ ግን ወጥ ቤት እንበለው፤ ኮር ደግሞ እዚያ የምትሠራ አንዲት ሴት ናት። ድሮ ኮምፒውተር ውስጥ የነበረችው አንድ ብቻ ነበረች። ታዲያ ዘፈን እየተሰማ ጽሑፍ እንዴት ይጻፍ ነበር? ብቻዋን ቤት እንደምታስተዳድር ሴት ነው። ሩዙን ጥዳ ወደ ሽንኩርቱ፣ ከሽንኩርቱ ወደ ልብስ ማጠቢያው ትላለች። እጇ በአንድ ጊዜ ያለው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ከሥራ ወደ ሥራ የሚዘለው በጣም በፍጥነት ስለሆነ ለኛ ሁሉም አብሮ የሚሄድ ይመስለናል።

ለብዙ ዓመታት ኩባንያዎቹ ይቺኑ አንዷን ይበልጥ ማፍጠን ነበር ሥራቸው። ፍጥነት ሲጨምር ግን ሙቀቱና የሚበላው ኤሌክትሪክም አብሮ ጨመረ። ስለዚህ አንድ ቺፕ ላይ ሁለት ኮር ማድረግ መጣ። አይቢኤም በ2001 ለትልልቅ ኮምፒውተሮች ሠራ፤ በ2005 ኢንቴልና ኤኤምዲ ለቤት ኮምፒውተር አመጡት፤ በ2011 ስልክ ላይም ደረሰ።

ግን ብዙ ሠራተኛ ስላለ ብቻ ሥራ አይፈጥንም፤ ሥራው መከፋፈል አለበት። ድግስ አስቡ። አንዷ እንጀራ ትጋግራለች፣ አንዷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ሌላዋ ዶሮ ትበልታለች። በዚህ ጊዜ ስምንት ሴት በረከት ነው። ወጡ ላይ ሲደረስስ? ሽንኩርቱ ሳይቁላላ በርበሬ አይገባም፣ በርበሬው ሳይበስል ዶሮው አይገባም። አሥር ሴት ድስቱን ብትከበው አይፈጥንም። ፕሮግራም ጸሐፊዎች የተከፋፈለውን እያንዳንዱን ሥራ «ትሬድ» ይሉታል፣ ክር እንደማለት። ኢሞ ላይ በቪዲዮ ስታወሩ አንዱ ክር ድምፅ ሲቀበል ሌላው ምስል ያሳያል።

ሌላም ጣጣ አለ። ሁለት ሴቶች ሳይነጋገሩ አንድ ድስት ላይ ጨው ቢጨምሩ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ሁለት ክሮችም አንድ መረጃ ላይ እኩል ከጻፉ መረጃው ይበላሻል። ለዚህ ነው «እኔ እስክጨርስ ጠብቂ» የሚል ቁልፍ የሚደረገው። መጠበቁ ደግሞ ጊዜ ይበላል፤ ስለዚህ ስምንት ኮር ስምንት እጥፍ ፍጥነት ሆኖ አያውቅም ማለት ይቻላል።

ኮሮቹም እኩል አይደሉም። «ሄሊዮ ፒ35» የሚባለው የርካሽ ስልኮች ቺፕ ስምንቱም ኮሮቹ ኮርቴክስ ኤ53 ናቸው፤ ባትሪ ቆጣቢ ግን ቀርፋፋ። «ሄሊዮ ጂ99»ም ስምንት ነው፤ ሁለቱ ግን ጠንካራ የሆኑት ኤ76 ስለሆኑ ልዩነቱ ሰፊ ነው። አይፎን 11 ያለው 6 ብቻ ነው፣ ሁለት ጠንካራ እና አራት ቆጣቢ፤ ሆኖም ፒ35ን በሩቁ ይጥለዋል። ስለዚህ ሻጩን የምትጠይቁት ቁጥሩን ሳይሆን የቺፑን ስም ነው።

ላፕቶፕ ላይ ተጠንቀቁ፣ በተለይ ያገለገለ ከሆነ። አይ7 ማለት ሰባት ኮር ማለት አይደለም። የ2016ቱ አይ7-7500ዩ ያለው 2 ኮርና 4 ትሬድ ነው። የ2017ቱ አይ5-8250ዩ ግን 4 ኮርና 8 ትሬድ አለው። ስሙ ያነሰው በሥራ ይበልጣል! ከኮሩ ትሬዱ የበዛው አንዷ ሠራተኛ ሁለት ሥራ ስለያዘች ነው፤ የአንዱ ውሃ እስኪፈላ ሌላውን ትነካካለች። ይጠቅማል፣ ሁለት ሰው ግን አያደርጋትም።

ስልክ ሲንቀራፈፍም ሁልጊዜ ኮሩን አትውቀሱ። የቪዲዮ ጥሪ የሚቆራረጠው ብዙ ጊዜ በኢንተርኔቱ ምክንያት ነው፤ ኮር ኔትወርክ አያፈጥንም። ራም ካነሰ ደግሞ ወጥ ቤቱ መክተፊያ ጠረጴዛ አጣ ማለት ነው፤ ሠራተኛ ቢሞላም የሚሠራበት ቦታ የለም።

ዊንዶውስ ላፕቶፕ ስትገዙ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ያስከፍቱት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይመጣል። ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ የሚለውን ንኩ። ከላይ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ ከታች የኮሮቹ ቁጥር ተጽፏል፤ «ሎጂካል ፕሮሰሰርስ» የሚለው የትሬዱ ቁጥር ነው። ሻጩ ይህን ለማሳየት ካንገራገረ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።