ጠመኔ፣ ብርድና የመምህር እጅ

እንደሚታወቀው ክረምቱ ወጥቶ የደጋው ደረቅ ነፋስ ሲነሣ የብዙዎቻችን እጅ ይሰነጠቃል። ለማስተማር ልምምድ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ደባርቅ ስንወጣማ ይብስብናል። እጁን ያመመው መምህር ሰሌዳ ላይ መጻፉን ያሳጥራል፤ ተጎጂውም ተማሪው ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የብርዱ ብቻ አይደለም። የጠመኔ ብናኝ የቆዳን እርጥበት ይመጥጣል፤ ፍል ውሃና የልብስ ሳሙናም ወዙን ያጥባሉ። ስለዚህ ከክፍል ስንወጣ ለብ ባለ ውሃ እንታጠብ፤ እጃችን እርጥበቱ ሳይጠፋ ከአራዳ ሱቅ የገዛነውን ቫዝሊን እንቀባ። ቫዝሊን ያለውን እርጥበት ይከድናል እንጂ አዲስ አይጨምርምና። ማታ ደህና አድርገን ተቀብተን፣ ንጹሕ ካልሲ በእጃችን አጥልቀን እንተኛ። ሎሚ ግን ይቅርብን፤ ስንጥቁን ያቃጥላል።

ስንጥቁ መግል ከያዘ ወይም የጣታችን መሐል ሌሊት የሚያሳክክ ከሆነ ነገሩ ከድርቀት አልፏልና ጤና ጣቢያ እንሂድ።